«ጮኸ»ን በእንግሊዝኛ ምን እንበለው? ስለ ጩኸት፣ ስለ ለቅሶና ስለ ማቃሰት ቃላት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ ከማስተምራቸውና ከማስተረጉምላቸው ሰዎች ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ውጭ አገር ይኖራሉ። ሐኪም ቤት፣ የልጅ ማዋያ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «ምን ሰማህ? ምን ሰማሽ?» ይባላሉ። ያኔ አንዷ ቃል ብዙ ነገር ትለውጣለች። የእንግሊዝኛ ቃላቱን እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ።

ለ«ጮኸ» አንድ ቁርጥ ያለ የእንግሊዝኛ ቃል የለም እንዴ?

የለም። «ጮኸ» በጣም ሰፊ ቃል ነው። ሰው ይጮኻል። ውሻ ይጮኻል። ዶሮ ይጮኻል። ስልክ ይጮኻል። ሲርበን ሆዳችን ይጮኻል፣ አንዳንዴም ጆሯችን ይጮኻል። እንግሊዝኛው ለእያንዳንዱ የየራሱን ስም ሰጥቶታል። የውሻው «ባርክ» ነው፣ የአውራ ዶሮው «ክሮው»፣ የስልኩና የጆሮው «ሪንግ»፣ የሆድ ደግሞ «ግራውል» ወይም «ራምብል»።

ይህ ማለት አማርኛ ድሃ ነው ማለት አይደለም። እኛ ልዩነቱን ከግሡ ፊት እናስቀምጠዋለን። እሪ አለ፣ ኡኡ አለ፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፣ እህህ አለ እንላለን። እንግሊዝኛው ያንን ሁሉ ግሡ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ለ«ጮኸ» ትርጉም ከመፈለጋችሁ በፊት ድምፁን መልሳችሁ ስሙት። ቃል ነበረው ወይስ ድምፅ ብቻ ነበር? ቀጭን ነበር ወይስ ወፍራም? ሰውየው ሆን ብሎ ነው ወይስ አምልጦት? እነዚህን ከመለሳችሁ ቃሉ ራሱ ይመጣል።

«ስክሪም»፣ «ሻውት»፣ «የል» በምን ይለያያሉ?

«ሻውት» ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ነው። ብዙ ጊዜ ቃል አለበት። ሜክሲኮ አደባባይ ቆሞ «ቦሌ! ቦሌ! አንድ ሰው!» የሚለው ወያላ ሻውት እያደረገ ነው። አልደነገጠም፣ አልተናደደም። እንዲሰማ ብቻ ነው የፈለገው።

«ስክሪም» ሌላ ነው። ቀጭንና ጆሮ የሚሰነጥቅ ድምፅ ነው። ቃል ሊኖረው ቢችልም ብዙ ጊዜ ድምፅ ብቻ ነው። ሰው ሲደነግጥ፣ በጣም ሲያመው ወይም ደስታው ከልክ ሲያልፍ ያመልጠዋል። ከኛዎቹ «እሪታ» በጣም ይቀርበዋል። ወያላው «ስክሪም» አደረገ ብትሉ ሰሚው «ምን ነካው? መኪና ገጨው?» ይላል።

«የል» ለሻውት ይቀርባል፣ ግን ሰላ ያለ ነው። ውስጡ ንዴት ወይም የጋለ ስሜት አለ። አሜሪካኖች በዕለት ተዕለት ወሬያቸው «የል»ን ያዘወትራሉ፣ እንግሊዞች ደግሞ ወደ «ሻውት» ያደላሉ።

ልዩነቱ የሚከብደው አደጋ ያለ ሲመስል ነው። ከጎረቤት ቤት ድምፅ ሰምታችሁ ወደ ፖሊስ ደወላችሁ እንበል። «ሻውቲንግ ሰማሁ» ካላችሁ፣ ስልኩን ያነሳው ሰው ጭቅጭቅ አለ ብሎ ነው የሚረዳው። «ስክሪም ሰማሁ» ካላችሁ አንድ ሰው ተጎድቷል ብሎ ያስባል። የሰማችሁት የትኛውን እንደሆነ በትክክል መናገር ለማንም ይጠቅማል፣ ለተጠራው ፖሊስም ለተጠቂውም።

«አለቃዬ ጮኸብኝ» ለማለት «ሻውትድ ቱ ሚ» ብል ልክ ነው?

አይደለም። «ሻውት ቱ» ማለት ሰውየው ሩቅ ስለሆነ እንዲሰማው ጮክ ብሎ መጥራት ነው። መንገድ ማዶ ያለ ጓደኛችሁን ስትጠሩ እንዲያ ይባላል። «ሻውት አት» ግን ቁጣ ነው። አለቃችሁ ከጮኸባችሁ «ሻውትድ አት ሚ» ወይም «የልድ አት ሚ» በሉ።

የኛ «ብኝ» ይህንኑ ሥራ ነው የምትሠራው። «ጮኸልኝ» ሌላ፣ «ጮኸብኝ» ሌላ። «አት»ን እንደዚያች «ብኝ» ያዟት። በሌሎች ግሦችም ላይ ታገለግላችኋለች። «ስሮው ቱ» ቅለበው ብሎ መወርወር ሲሆን «ስሮው አት» በእሱ ላይ መወርወር ነው።

የአቤቱታ ደብዳቤ የምትጽፉ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። «ስክሪምድ አት ሚ» ከ«የልድ አት ሚ» ይከብዳል። ሰውየው ራሱን እስኪስት ጮኸብኝ እንደማለት ነው። በእርግጥ እንዲያ ከሆነ ጻፉት። ካልሆነ ግን ቃሉ ከሆነው በላይ ይሄድባችኋል፣ ሌላው የጻፋችሁትም እውነት ሳይታመን ይቀራል።

«ክራይ» ማልቀስ ነው ወይስ መጮህ?

ሁለቱንም ነው። ዛሬ ብቻውን ከመጣ ማልቀስ ነው። «ሺ ክራይድ» ስትሰሙ አለቀሰች ብላችሁ ተረዱ። «ክራይ አውት» ከሆነ ድምፅ አውጥቶ መጮህ ነው። ልቦለድ ስታነቡ ደግሞ ከንግግር ቀጥሎ «ሂ ክራይድ» የሚል ታገኛላችሁ። ያ «ብሎ ጮኸ» ነው፣ እንባ የለበትም። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይሳሳታል። ባለታሪኩ በየገጹ የሚያለቅስ ይመስለዋል።

ታሪኩን ማወቅ ይረዳል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መጀመሪያ ትርጉሙ ጮኾ መለመን ነበር፤ እንባው የተጨመረው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ፈረንሳይኛው «ኲሪታሬ» ከሚል የላቲን ቃል እንደመጣ ይነገራል። ቫሮ የተባለው የጥንት ሮማዊ ሊቅ ስለዚህ የላቲን ቃል ሲጽፍ፣ «ኲሪቴስ» የሚባሉትን የሮማ ዜጎች ድረሱልኝ ብሎ መጣራት ነው ይላል። የቃሉን ምንጭ በተመለከተ ሁሉም ባይስማሙም፣ የቫሮ ማብራሪያ እኔን ወዲያው «ኡኡ! የአገር ያለህ!» ያስታውሰኛል።

ኡኡታ በእንግሊዝም ሕግ ነበር። በ1285 ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ያወጡት የዊንቸስተር ሕግ፣ ወንጀል ሲፈጸም ጩኸት እንዲነሳና የሰማ ሁሉ ወጥቶ ወንጀለኛውን እንዲያሳድድ ያስገድድ ነበር። ያ ጩኸት «ሂው ኤንድ ክራይ» ይባላል። «ሂው» እዚህ ላይ ቀለም አይደለም፣ እሱም የጥንት ፈረንሳይኛ የጩኸት ቃል ነው። ዛሬ አባባሉ የሚያገለግለው ሕዝብ በአንድ ነገር ተቆጥቶ ድምፁን ሲያሰማ ነው።

ስለዚህ «ኡኡ አለች»ን «ክራይ ፎር ሄልፕ» ልበለው?

ባትሉት ይሻላል። ይህ አባባል ዛሬ በአብዛኛው ወደ ሌላ ነገር ሄዷል። ሰው በአንደበቱ ሳይናገር በሚያደርገው ነገር «እርዱኝ» ሲል ነው እንዲያ የሚባለው። ራሱን የሚጎዳ ወይም ከሰው የሚርቅ ወጣት ሲያዩ፣ አማካሪዎችና መምህራን «ኢት ኢዝ ኤ ክራይ ፎር ሄልፕ» ይላሉ። ከልጃችሁ ትምህርት ቤት ይህን ከሰማችሁ «ልጄ መቼ ጮኸ?» ብላችሁ አትለፉት። ስለ ልጁ ጭንቀት እየነገሯችሁ ነው፣ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯቸው። ለኡኡታ ግን «ስክሪምድ ፎር ሄልፕ» በሉ፤ ማንም አይሳሳተውም።

ለማልቀስ ስንት ቃል አላቸው?

ብዙ። ዋና ዋናዎቹን ልንገራችሁ።

«ዊፕ» እንባ ማፍሰስ ነው። ዝግ ያለ ነው፣ ወደ ጽሑፍ ቋንቋም ያደላል። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ዮሐንስ 11፥35ን «ጂሰስ ዌፕት» ብሎ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። እዚያው ትንሽ ከፍ ብሎ ማርያምና አብረዋት የመጡት ሲያለቅሱም ቃሉ ያው «ዊፕ» ነው። አማርኛችን ግን እነሱ «ሲያለቅሱ» ብሎ፣ ስለ ኢየሱስ ሲናገር «እንባውን አፈሰሰ» ይላል። ግሪኩም ላይ ግሦቹ ሁለት ናቸው። የእነሱ ድምፅ ያለው ለቅሶ ነው፣ የእሱ ዝም ብሎ የወረደ እንባ ነው። ይህን ልዩነት አማርኛው ስለጠበቀው ደስ ይለኛል።

«ሶብ» መንሰቅሰቅ ነው። ትንፋሽ እየተቆራረጠ፣ ትከሻ እየተነቀነቀ ስቅስቅ ብሎ ማልቀስ። የእንግሊዝኛውና የአማርኛው ቃል እንዲህ ቁልጭ ብለው ሲገናኙ አልፎ አልፎ ነው የሚታየው። ሲቃ ይዞት ቃል ያቃተው ሰው ደግሞ «ቾክድ አፕ» ነው የሚባለው፣ እሱ ገና አላለቀሰም።

«ዌይል» ዋይታ ነው። ረጅም፣ ከፍ ያለ፣ የሐዘን ድምፅ። የአምቡላንስ ጩኸትም በዚሁ ቃል ይጠራል። «ዊምፐር» ደግሞ ከጉሮሮ በቅጡ ያልወጣ፣ ስስና የተቆራረጠ ለቅሶ ነው። የፈራ ልጅ ወይም የተመታ ቡችላ የሚያሰማው ዓይነት። «ዋይን» መነጫነጭና መነፋረቅ ነው፤ ስድብ አለበት። የአዋቂ ሰውን ለቅሶ «ዋይን» ካላችሁት ሐዘኑን ናቃችሁት ማለት ነው፣ ተጠንቀቁ።

ለሥራ ቦታዬ «ለቅሶ ልሄድ ነው» እንዴት ልበል?

«ክራይ» የሚለውን ቃል ጭራሽ አታንሱት። ለእኛ ለቅሶ ማልቀሱም ነው፣ ድንኳኑም ነው፣ ሰው ሊያጽናና መሄዱም ነው። እንግሊዝኛው ሦስቱን ይለያያል። ቀብር ከሆነ «ፊውነራል» ነው። ከቀብር በኋላ ቤተሰቡን ልታጽናኑ ከሆነ «ቪዚቲንግ ኤ ግሪቪንግ ፋሚሊ» ወይም «ፔይ ማይ ሪስፔክትስ» በሉ። ሟቹ የእናታችሁ የአክስት ልጅ ቢሆንም መሄድ የግድ እንደሆነ ማስረዳት ካስፈለጋችሁ፣ በባህላችን ግዴታ እንደሆነ በአጭሩ ንገሯቸው። አብዛኛው አለቃ ይገባዋል።

ሙሾስ? ለሙሾ «ዲርጅ» እና «ላሜንት» የሚሉ ቃላት አሉ፤ ሁለቱም የሐዘን ዜማ ወይም ግጥም ናቸው። ለኔ ግን የሚጥመኝ «ኪኒንግ» ነው። ከአይሪሽ ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። ጥንት አየርላንድ ውስጥ ሰው ሲሞት ሴቶች በአስከሬኑ ዙሪያ ሆነው የሟቹን ደግነትና የዘሩን ታሪክ እያነሱ በዜማ ያለቅሱ ነበር። በክፍያ የሚጠሩ አልቃሾችም ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ብትቃወመውም ለረጅም ዘመን ቆየ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን እየጠፋ ሄደ። የኛን ሙሾ አውራጅ ለአይሪሽ ሰው ብታስረዱት ወዲያው ነው የሚገባው።

እልልታን ሰዎች «ስክሪሚንግ» ሲሉት እሰማለሁ። ምን ልበላቸው?

«ዩሉሌሽን» በሏቸው፣ «የደስታ ነው» ብላችሁም ጨምሩ። መጨመሩ ያስፈልጋል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ እንደ ተኩላ ማላዘንን የሚያመለክት ሲሆን ሮማውያን ለሐዘን ዋይታም ይጠቀሙበት ነበር። ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ደግሞ ቃሉን ከነአካቴው አያውቀውም። ሠርግ ወይም ጥምቀት ላይ እንግዳ ከጋበዛችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ምላስን እያርገበገቡ የሚሰማ የደስታና የምስጋና ድምፅ ነው፣ በቃ።

«ሞውን» እና «ግሮውን» ሁለቱም ማቃሰት አይደሉም?

ናቸው። «ሞውን» ረዘም ያለና ዝግ ያለ ነው። «ግሮውን» አጠር ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ከውስጥ የሚወጣ ነው። ከባድ ነገር ያነሳ ሰው ግሮውን ያደርጋል። ቡድናችን ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት ስታዲየሙ በአንድ ላይ የሚያሰማው ድምፅም ግሮውን ነው። «ሞውን» የወሲብ ድምፅንም ስለሚጠራ፣ ስለ በሽተኛ ስትናገሩ «ሞውኒንግ ኢን ፔይን» ብላችሁ ከሕመሙ ጋር አያይዙት። እንግሊዝ አገር ከሆናችሁ ደግሞ «ሞውን» ማማረርም ነው። «ሺ ኢዝ ኦልወይስ ሞውኒንግ» ሲሏችሁ ታማለች ማለታቸው አይደለም።

በስልክ «አዎ» ስል ለምን «ምን ሆንሽ?» ይሉኛል?

በአፍሽ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበሽ «አ!» ስለምትዪ ነው። ብዙዎቻችን እናደርገዋለን፣ ስናደርገውም አይታወቀንም። ለእኛ «አዎ፣ እየሰማሁ ነው» ማለት ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ትንፋሽን በድንገት ወደ ውስጥ መሳብ «ጋስፕ» ነው። ጋስፕ የሚያደርግ ሰው ወይ ደንግጧል፣ ወይ ትንፋሽ አጥሮታል። ከባንክ የደወለችው ሠራተኛ አድራሻሽን እያነበበች ሳለ «አ!» ብትያት ንባቧን ታቆማለች። አንድ መጥፎ ነገር ያየሽ ይመስላታል።

ልማዱ የሚያሳፍር አይደለም። የሰሜን ስዊድን ሰዎችም በትንፋሽ «አዎ» ይላሉ። ከሐኪም ወይም ከባንክ ጋር በስልክ ስታወሩ ግን ሆን ብላችሁ «የስ» በሉ። በተለይ ሐኪም ከሆነ መተንፈስ አቃታቸው ብሎ ሊጨነቅ ይችላል።

«ሳይ» ተቃራኒው ነው፣ ትንፋሹ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው። እፎይታም ቁጭትም ሊሆን ይችላል።

የልጅ ማዋያው «ፈሲ ነበረች» ብሎ ይጽፍልኛል። ታማ ነበር?

ላይሆን ይችላል። «ፈሲ» የአሜሪካ ወላጆች ቃል ነው፣ ተነጫንጫለች ማለት ነው። ሙሉ ለሙሉ አላለቀሰችም፣ ግን አልተመቻትም። ጥርስ፣ እንቅልፍ ወይም ረሃብ ሊሆን ይችላል።

«ኮሊክ» ካሏችሁ ደግሞ ሌላ ነው። ሞሪስ ዌሰል የተባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በ1954 ያወጡት መለኪያ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሌላ ሕመም የሌለበት ሕፃን በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ የሚያለቅስ ከሆነ ነው ኮሊክ የሚባለው። ጤነኛ ሕፃንም ቢሆን ለቅሶው በ6 ሳምንቱ አካባቢ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን ማወቅ እንቅልፍ ላጣች እናት ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ዋናው ይመጣል። የሚከተሉት ሦስት ቃላት የትንፋሽ ድምፆች ናቸው። ብዙ ወላጅ ሦስቱንም «ያቃስታል» ወይም «ደረቱ ይጮኻል» ብሎ ይጠቀልላቸዋል።

«ዊዝ» ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል የፉጨት ድምፅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ትንፋሽ ሲወጣ ነው። አስም ያለበት ልጅ ላይ የተለመደ ነው። «ስትራይዶር» ሻካራና ቀጭን ድምፅ ነው። በአብዛኛው ትንፋሽ ሲገባ ይሰማል፤ ችግሩ ጉሮሮ አካባቢ ነው። «ክሩፕ» በሚባለው በሽታ ይመጣል፣ ሳሉም የውሻ ጩኸት ይመስላል፣ ሌሊት ይብሳል። «ግራንት» ደግሞ አጭር የ«ኧህ፣ ኧህ» ድምፅ ነው፤ በያንዳንዱ ትንፋሽ መጨረሻ ላይ ይወጣል። ሕፃን በተነፈሰ ቁጥር ግራንት ካደረገ ሳንባው ተቸግሮ እየታገለ ነው። ይህ አጣዳፊ ምልክት ነው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። አራስ ሕፃን ሲያምጥ ወይም ሲንጠራራ አልፎ አልፎ የሚያሰማው ግን ሌላ ነው።

«ሽሪክ»፣ «ስክሪች»፣ «ስኩዊል»ስ?

ሦስቱም ቀጫጭን ናቸው። «ሽሪክ» ከስክሪም አጠር ብሎ ይበልጥ የሚቀጥን ነው። «ስክሪች» ሻካራና ጆሮ የሚያሳክክ፤ የመኪና ፍሬን ወይም በቀቀን። «ስኩዊል» ረዘም ያለ የልጆች የደስታ ጩኸት ነው፣ የአሳማም ነው።

የእንስሳቱን ሁሉ መሸምደድ አለብኝ?

የለብህም። የምታገኛቸውን ብቻ ያዝ። አንበሳ ሲያገሳ «ሮር»፣ በሬ ሲያገሳ «ቤሎው»፣ ሰው በልቶ ሲያገሳ «በርፕ» ነው። አህያ ሲያናፋ «ብሬይ»፣ ፈረስ ሲያሽካካ «ኔይ» ነው። ውሻ ከጮኸ «ባርክ»፣ ካጉረመረመ «ግራውል»፣ ካላዘነ «ሃውል»። የውሻውን ሦስቱን ግን እወቅ። ጎረቤት ስለ ውሻህ ቅሬታ ካቀረበ የትኛው እንደሆነ መለየት አለብህ። «ግራውል» የሚያስፈራራ ውሻ ነው፣ «ሃውል» ብዙ ጊዜ ብቻውን የተተወ።

«ኤ ፋር ክራይ» ስሰማ የሩቅ ለቅሶ ይመስለኛል። ምንድን ነው?

«በጣም የተለየ፣ የማይገናኝ» ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ሌሎችም አሉ። «ክራይ ዉልፍ» በከንቱ ተኩላ መጣ ብሎ የጮኸው እረኛ ነው፣ ተረቱን እኛም እናውቀዋለን። «ፎር ክራይንግ አውት ላውድ» የመሰልቸት ቃል ነው፣ «ኧረ በፈጠራችሁ» እንደማለት። «ሻውት አውት» ምስጋና ወይም ስምን ማንሳት ነው። «ሺ ኢዝ ኤ ስክሪም» ካሏችሁ ሴትዮዋ በጣም ታስቃለች ማለት ነው።

ቃሉ ጭራሽ ካልመጣልኝስ?

ድምፁን አስመስላችሁ አሰሙ። ሐኪሞች አይስቁባችሁም፣ እንዲያውም ራሳቸው «እንዴት እንደሆነ አሰሙኝ» ይላሉ። ልጁ ቤት ውስጥ የሚያሰማው ድምፅ ከሆነ በስልካችሁ ቅዱት፣ ደረቱንም አብራችሁ በቪዲዮ አንሱ። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ በቀላል ቃል ግለጹት፦ ቀጭን ነው፣ ቃል የለውም፣ ትንፋሽ ሲያስገባ ነው፣ ሌሊት ነው የሚብስበት። አስተርጓሚ ካለም «ይጮኻል» ብቻ ብላችሁ አትስጡት፣ የሰማችሁትን ድምፅ እንዳለ አሰሙት።